የአሜሪካን ፉትቦል ፊልም ልታዩ ነው? መጀመሪያ ከማን ጋር እንደምታዩ ወስኑ

እማዬ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጥታ ነበር። ቅዳሜ ማታ አራት ሆነን ሶፋው ላይ ተቀመጥን። የእህቴ ልጅ 15 ዓመቱ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ፉትቦል ይጫወታል። «ዛሬ ስለ ፉትቦል አንድ ጥሩ ፊልም እንይ፤ እማማም ምን እንደምጫወት ትወቅ» አለ። ስልኬን አውጥቼ ፈለግሁ። አንዱ ዝርዝር 25 ፊልም አለው፣ ሌላው 50። ሁሉም ምርጥ ናቸው ይላል። የትኛው ከእናት ጋር እንደሚታይ፣ የትኛው ልጆች ከተኙ በኋላ እንደሚከፈት ግን አንዱም አይናገርም። እንዲሁ ከላይ ያለውን ከፈትን። 20 ደቂቃ ሳይሞላ ዘጋነው። ስድቡ ሳያንስ የራቁት ገላ መጣ። እማዬ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ልጁ አንገቱን ደፋ።

ከዚያ በኋላ ብዙዎቹን ቁጭ ብዬ አየኋቸው፤ አንዳንዶቹን ሁለት ሦስት ጊዜ። ይህን የምጽፈው እንደኛ ግራ ለገባው ሰው ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ፉትቦል ስልም የኛን እግር ኳስ ሳይሆን የራስ ቁር አድርገው፣ ሞላላውን ኳስ ይዘው የሚጋጩበትን ማለቴ ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው፣ በሁለት ደቂቃ

ሜዳው ከአንዱ የጎል መስመር እስከ ሌላው 100 ያርድ ነው፤ 91 ሜትር ገደማ። በየወገኑ 11 ተጫዋች ይሰለፋል። ኳስ የያዘው ቡድን አራት ሙከራ አለው፤ ሙከራው «ዳውን» ይባላል። በአራቱ ውስጥ 10 ያርድ ከገፋ አዲስ አራት ያገኛል። ካልገፋ ኳሱ ለባላጋራው ይሄዳል። ኳሱን ይዞ የመጨረሻውን መስመር ማለፍ «ታችዳውን» ነው፤ 6 ነጥብ ያስገኛል። በእግር መትቶ በሁለቱ ቋሚዎች መሀል ማሳለፍ 3 ነጥብ ነው። ኳሱን ተቀብሎ የሚወረውረውና ጥቃቱን የሚመራው «ኳርተርባክ» ነው።

የእህቴ ልጅ ይህን ለእማዬ ያስረዳት በስኒ ነው። ከረከቦቱ ሁለት ስኒ አንስቶ ጠረጴዛው ላይ አራርቆ አስቀመጠ። የስኳር ማንኪያዋን እንደ ኳስ ከአንዱ ወደ ሌላው መግፋት ጀመረ። «እማማ፣ አራት ዕድል ነው ያላቸው። በአራቱ ከዚህ ስኒ እዚያ ስኒ መድረስ አለባቸው።» «ካልደረሱስ?» አለችው። «ለነዚያ ይሰጣሉ።» «በቃ ገባኝ፣ የኔ ልጅ። ቀጥል።» ማንኛውንም ከዚህ በታች ያለ ፊልም ለማየት ይህ ይበቃል።

በምን መዘንኳቸው?

የመጀመሪያው መስፈርቴ ጨዋታውን የማያውቅ ሰው ታሪኩን መከተል መቻሉ ነው። አንዳንዱ ፊልም ሜዳው ላይ የሚሆነውን በተጫዋቾቹና በወላጆቹ ፊት ላይ ያሳያችኋል፤ ዳውን ምን እንደሆነ ባታውቁም ልባችሁ ይመታል። አንዳንዱ ደግሞ ለሚያውቅ ሰው ነው የተሠራው።

ሁለተኛው፣ አብሯችሁ የሚቀመጠው ሰው ነው። የአሜሪካ ፊልሞች የዕድሜ ምልክት አላቸው። ፒጂ ከሆነ ከነልጆቻችሁ ማየት ትችላላችሁ። ፒጂ-13 ከሆነ ለወጣቶች ነው፤ ስድብ፣ መጠጥና የፍቅር ነገር ሊኖር ይችላል። አር ከሆነ ለአዋቂ ብቻ እንደሆነ ቁጠሩት። በእኛ ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከአባትና ከእናት ጋር ተቀምጦ ማፈርን የማያውቅ የለም።

ሦስተኛው፣ ከእውነቱ ምን ያህል እንደሚርቅ። ከእነዚህ ፊልሞች አብዛኞቹ «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» ይላሉ። ምኑ እውነት፣ ምኑ ፈጠራ እንደሆነ ማወቅ ተገቢ ነው፤ በተለይ ለልጅ እንደ ታሪክ ትምህርት የምታሳዩት ከሆነ።

አራተኛው፣ ግጭቱና ሩጫው ማሳመኑ። ይህንን ለእህቴ ልጅ ተውኩት፤ የሚጫወተው እሱ ነው። የመጨረሻው ርዝመትና ወጪ ነው። በኢንተርኔት ለሚያይ ሰው አንድ ሰዓት በመደበኛ ጥራት 1 ጊጋባይት ገደማ ይበላል፣ በኤችዲ እስከ 3 ጊጋ። የ75 ደቂቃ ፊልምና የሁለት ሰዓት ተኩል ፊልም ኪስ ላይ እኩል አይደሉም።

ኦስካርና ገቢን አልቆጠርኩም። ለሶፋችሁ የሚሆነውን እነሱ አይነግሯችሁም።

ሪሜምበር ዘ ታይታንስ (2000)

እኔ የምኖረው ይህ ታሪክ ከተፈጸመበት ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂንያ ብዙም ሳልርቅ ነው። በከተማው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከእንግሊዝኛ ቀጥሎ ተማሪዎች ቤታቸው በብዛት ከሚናገሯቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ስለዚህ ይህን ፊልም እንደ ሩቅ ሰው አላየውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1971 የከተማው ሦስት ሃይስኩሎች የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎቻቸውን ቲ.ሲ. ዊሊያምስ በተባለው ትምህርት ቤት አንድ ላይ አደረጉ። ጥቁሩ አሰልጣኝ ሄርማን ቡን ዋና ሆኖ ተሾመ፤ ቦታውን ይጠብቅ የነበረው ነጩ ቢል ዮስት ምክትሉ ሆነ። ቡንን የሚጫወተው ዴንዘል ዋሽንግተን ነው። ለልምምድ ወደ ጌቲስበርግ ሊሄዱ ሲሉ ጥቁሮቹ በአንድ አውቶቡስ፣ ነጮቹ በሌላው ይሳፈራሉ። ቡን ሁሉንም ያስወርዳቸዋል። አጥቂ በዚህ፣ ተከላካይ በዚያ ብሎ እንደገና ይደለድላቸዋል። በቆዳ የተከፋፈለውን በሥራ አከፋፈለው። ለዚህ ጨዋታ ማወቅ አያስፈልግም።

በኋላ የሆስፒታል ትዕይንት አለ። ጥቁሩ ልጅ ነጩን አምበል ሊጠይቅ ይመጣል። ነርሷ ዘመድ ብቻ ነው የሚገባው ትላለች። አምበሉ ከአልጋው ሆኖ ይህ ወንድሜ ነው፣ መመሳሰላችንን አታዪም ወይ ይላታል። እማዬ እንግሊዝኛ አትችልም። እዚህ ጋ ግን ማንም አልተረጎመላትም። የነጠላዋን ጫፍ ወደ ዓይኗ ስትወስድ አየኋት።

እውነቱን በተመለከተ ልብ በሉ። ከተማው ውስጥ ጥቁርና ነጭ አብረው መማር የጀመሩት ከ1971 በፊት ነው፤ ፊልሙ ግን ያኔ የተጀመረ ያስመስለዋል። የፍጻሜው ጨዋታ በፊልሙ እስከ መጨረሻዋ ሰከንድ ያስጨንቃል። በእውኑ 27 ለ 0 ነው ያለቀው፤ ቡድኑም ዓመቱን ሙሉ 13 ጨዋታ ተጫውቶ አንድም አልተሸነፈም። አንድ ትልቅ አደጋ የደረሰበት ጊዜም ተቀይሯል። ትምህርት ቤቱ ዛሬ ይህ ስም የለውም። ቲ.ሲ. ዊሊያምስ ጥቁርና ነጭ ልጆች አብረው መማራቸውን ይቃወም የነበረ የትምህርት ኃላፊ ነበር፤ በ2021 ስሙ ተነሥቶ አሌክሳንድሪያ ሲቲ ሃይስኩል ተባለ። ከልጆቻችሁ ጋር ካያችሁ ይህንን ጨምራችሁ ንገሯቸው፤ ፊልሙ አይነግራቸውም።

የእህቴ ልጅ ሜዳው ላይ ያለውን «ትንሽ ፊልም ፊልም ይላል» ብሎታል። ልክ ነው። ቢሆንም ለመላው ቤተሰብ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

ፍራይደይ ናይት ላይትስ (2004)

ከሁሉም የማስበልጠው ይህንን ነው። ለሁሉም ሰው ግን አልመክረውም።

ቦታው ኦዴሳ ነው፤ በምዕራብ ቴክሳስ ያለች የነዳጅ ከተማ። ዘመኑ 1988። የፐርሚያን ሃይስኩል ቡድን አርብ ማታ ሲጫወት ሱቁ ሁሉ ይዘጋል። የ17 ዓመት ልጅ መንገድ ላይ በሄደ ቁጥር አዋቂ ሰው እያስቆመ ዋንጫውን ታመጣልን የለም ወይ ይለዋል። የከተማው ሰው የራሱን ያልተሳካ ሕይወት በልጆቹ ትከሻ ላይ ጭኗል። ልጅ ያላችሁ ሰዎች፣ ይህ ፊልም ስለ እናንተም ነው። እኛ ለልጆቻችን «ዶክተር ትሆናለህ» የምንልበትን ድምፅ እዚያ ሰምቼዋለሁ።

ሁለት ቦታ ላይ ልቁም። ቡቢ ማይልስ የቡድኑ ኮከብ ነው፤ ዩኒቨርሲቲዎች ደብዳቤ ያዥጎደጉዱለታል። ጉልበቱ ይጎዳል። ዕቃውን ከመልበሻ ክፍል ሊወስድ ይመጣል፤ ከጓደኞቹ ጋር ይቀልዳል፣ ይስቃል። ወጥቶ አጎቱ መኪና ውስጥ ሲገባ ይፈነዳል። ከኳስ በቀር የምችለው ነገር የለም፣ እንግዲህ ምን ልሆን ነው እያለ ይንሰቀሰቃል። ካሜራው ዘወር አይልም። አጎቱም የሚለው ያጣል።

ሌላው የሳንቲሙ ሌሊት ነው። ሦስት ቡድኖች እኩል ሆነዋል፤ ወደ ጥሎ ማለፍ የሚገቡት ሁለት ናቸው። ሦስቱ አሰልጣኞች በሌሊት ተገናኝተው ሳንቲም ይወረውራሉ፣ ከተማው በቴሌቪዥን እያየ። የዓመት ላብ በሳንቲም ተወሰነ። ይህ በእውኑም የሆነ ነው።

ፊልሙ የቀየረውም አለ። በእውኑ ፐርሚያን ዳላስ ካርተር ከተባለው ሃይስኩል ጋር የተጋጠመው በግማሽ ፍጻሜ ነው፤ ፊልሙ ወደ ፍጻሜ ወስዶታል፣ ውጤቱንም ቀይሮታል። መንፈሱ ግን እውነት ነው፤ መነሻው ጋዜጠኛው ቢሲንገር ኦዴሳ ሄዶ፣ ኖሮ የጻፈው መጽሐፍ ነውና። ግጭቱን የእህቴ ልጅ ወዶታል። «ሲመቱ ድምፁ እንዲህ ነው» አለኝ። ሰክሮ ልጁን የሚያዋርድ አባት አለ፣ የወጣቶች መጠጥና ፍቅርም አለ። ከ13 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ አይሁን።

ሩዲ (1993)

አጭር፣ ቀጭን፣ በትምህርቱም ደካማ የሆነ የሠራተኛ ልጅ ኖትር ዳም ለተባለው ታላቅ ዩኒቨርሲቲ መጫወት ይመኛል። ሁሉም አትችልም ይለዋል። ዓመታት ይለፋል፤ ለልምምድ ብቻ እየገባ ይደበደባል። በመጨረሻ በ1975 ከጆርጂያ ቴክ ጋር በተደረገው ጨዋታ የመጨረሻ ሰከንዶች ላይ ይገባል።

ፊልሙ ንጹህ ነው፤ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ያያል። ለጨዋታ እውቀት ከሁሉም ያነሰ የሚፈልገው እሱ ነው፤ አንድ ልጅ ሜዳ ይገባል ወይስ አይገባም፣ ጥያቄው ይኸው ነው። ተጫዋቾቹ ማልያቸውን አንድ በአንድ አሰልጣኙ ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጡበት ትዕይንት በጣም ይነካል። ግን አልተፈጸመም። አሰልጣኙም እንደተሣለው ክፉ አልነበረም። ይህን ሳውቅ ትንሽ ከፋኝ፤ ሰውየው በሕይወት ሳለ ነው የተሠራው። ትምህርት አልገባህ ያለውና ተስፋ የቆረጠ ልጅ ቤታችሁ ካለ ግን ይህን ክፈቱለት።

ኮንከሽን (2015)

ፉትቦል አይተው ለማያውቁ ሰዎች የምመርጠው ይህን ነው፤ ዋናው ሰው ራሳቸው ጨዋታውን አያውቁትምና። ዶክተር ቤኔት ኦማሉ ናይጄሪያዊ ናቸው። ፒትስበርግ ውስጥ አስከሬን መርማሪ ሆነው ሲሠሩ በ2002 የማይክ ዌብስተር አስከሬን ይቀርብላቸዋል። ዌብስተር የከተማው የፉትቦል ጀግና ነበር፤ አእምሮው ተናውጦ፣ መኪና ውስጥ እስከ ማደር ደርሶ፣ በ50 ዓመቱ ነው የሞተው። አንጎሉ ከላይ ሲታይ ደህና ይመስላል። ዶክተሩ ግን አላመኑም፤ ከኪሳቸው ከፍለው በቀጭን በቀጭኑ አስቆርጠው አስመረመሩት። ጭንቅላት ደጋግሞ በመመታት የሚመጣ በሽታ አገኙ። በ2005 ጽሑፋቸው ሲታተም የፕሮፌሽናል ፉትቦል ሊጉ ሐኪሞች ይሰረዝ አሉ።

ዊል ስሚዝ ነው የሚጫወተው። በባዕድ አገር እውነት ይዞ፣ በአነጋገር ዘዬው የተነሣ «አንተ ማን ነህ?» የተባለ ሰው ይህ ፊልም በቀጥታ ይገባዋል። ጨዋታ ለማየት ከሆነ ግን ሌላ ፈልጉ፤ እዚህ ውስጥ ሜዳው ትንሽ ነው። ልጃችሁ ልጫወት እያለ ከሆነ እናንተ ወላጆቹ ቀድማችሁ እዩት። እህቴ ካየችው በኋላ የልጇን የራስ ቁር በየሳምንቱ መፈተሽ ጀምራለች፤ ራሱን ካመመው ያለ ምንም ክርክር ያርፋል።

ኤኒ ጊቭን ሰንዴይ (1999)

አል ፓቺኖ ያረጀ የማያሚ አሰልጣኝ ነው። ገንዘብ፣ መርፌ፣ ቴሌቪዥን፣ የተሰበረ አካል፤ የፕሮፌሽናሉን ዓለም ገበና ያወጣል። ሊጉ ፈቃድ ስለከለከለ ቡድኖቹ ሁሉ ፈጠራ ናቸው። ፓቺኖ በመልበሻ ክፍል ስለ «ኢንች» የሚናገረው ንግግር ዝነኛ ነው፤ በእኔ አስተያየት ከፊልሙ ራሱ ይበልጣል። አር ነው፤ ስድቡም ራቁቱም ሙሉ ነው። ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ይሄዳል። ጨዋታውን ለሚያውቁ ጓደኛሞች ይሁን፤ ለሌላ ሰው አይሁን።

ባጭሩ ሌሎች ሦስት

ብራያንስ ሶንግ (1971) ለቴሌቪዥን የተሠራ ነው፤ አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ። የቺካጎ ቤርስ ሁለት ተጫዋቾች፣ ጥቁሩ ጌል ሴየርስና ነጩ ብራያን ፒኮሎ፣ አንድ ክፍል ይጋራሉ። ፒኮሎ በ26 ዓመቱ በካንሰር ሞተ። ምስሉ አርጅቷል፤ ልቅሶው አላረጀም። መሐረብ አዘጋጁ።

ዘ ብላይንድ ሳይድን (2009) ብዙ ሰው ይወደዋል። ቤት የሌለው ጥቁር ልጅ ማይክል ኦኸርን ሀብታም ነጭ ቤተሰብ ሲያሳድገው ያሳያል። ነገር ግን ኦኸር በ2023 ፍርድ ቤት ሄዶ በጉዲፈቻ አላሳደጉኝም፣ በሞግዚትነት ነበር የያዙኝ ብሎ አመለከተ። ቤተሰቡ ተጠቅመንበታል የሚለውን አስተባብሏል። ዳኛዋ በዚያው ዓመት ሞግዚትነቱን አቋረጡ። ኦኸር ጨዋታውን የማያውቅ ቂል መስሎ መታየቱንም ሲቃወም ኖሯል። የታሪኩ ባለቤት ራሱ ያልተቀበለውን ለልጅ እንደ እውነት ማሳየት ይከብደኛል።

አንዲፊትድ (2011) ዘጋቢ ፊልም ነው። በሜምፊስ ያለ ድሃ ሃይስኩል፣ ፊልሙ ሲጀምር፣ በ110 ዓመት ታሪኩ አንድም የጥሎ ማለፍ ጨዋታ አሸንፎ አያውቅም ነበር። ተዋናይ የለም፤ የሚያለቅሰው እውነተኛ ልጅ ነው። የእውነት ነገር ለሚጠይቅ ሰው ከሁሉም አስቀድመዋለሁ።

በአንድ እይታ

| ፊልም | ርዝመት | የዕድሜ ምልክት | ጨዋታ ማወቅ ይጠይቃል? | ለእውነቱ ያለው ቅርበት | የሚስማማው |
|---|---|---|---|---|---|
| ሪሜምበር ዘ ታይታንስ | 1፡53 | ፒጂ | አይጠይቅም | መካከለኛ | መላው ቤተሰብ |
| ፍራይደይ ናይት ላይትስ | 1፡58 | ፒጂ-13 | ጥቂት | ጥሩ | ወላጅና ወጣት |
| ሩዲ | 1፡54 | ፒጂ | አይጠይቅም | መካከለኛ | ተስፋ ለቆረጠ ልጅ |
| ኮንከሽን | 2፡03 | ፒጂ-13 | አይጠይቅም | ጥሩ | ጨዋታውን ለማያውቅ፣ ለወላጅ |
| ኤኒ ጊቭን ሰንዴይ | ከ2፡30 በላይ | አር | አዎ | ፈጠራ | ለአዋቂ ጓደኛሞች |
| ብራያንስ ሶንግ | 1፡15 ገደማ | የቴሌቪዥን | አይጠይቅም | ጥሩ | ጊዜና ዳታ ለሚቆጥብ |
| ዘ ብላይንድ ሳይድ | 2፡09 | ፒጂ-13 | አይጠይቅም | አከራካሪ | ክርክሩን ለሚያውቅ |
| አንዲፊትድ | 1፡53 | ፒጂ-13 | ጥቂት | ራሱ እውነት | እውነተኛ ታሪክ ለሚወድ |

እንግዲህ የትኛውን?

ቤት ውስጥ አያትም ሕፃንም ካሉ ታይታንስ። እንግሊዝኛ የማይችል ሰው ካለ ደግሞ አንድ ሰው አጠገቡ ይቀመጥና በየመሀሉ ሹክ ይበለው፤ የአማርኛ ሰብታይትል አልገጠመኝም። ፍራይደይ ናይት ላይትስን ስታዩ እንግሊዝኛ የምትችሉም ብትሆኑ የእንግሊዝኛውን ሰብታይትል አብሩት። የቴክሳስ ሰዎች አነጋገር ያስቸግራል።

ከሃይስኩል ልጃችሁ ጋር ብቻችሁን ከሆናችሁ ፍራይደይ ናይት ላይትስ ነው፤ ስታበቁም ቶሎ አትነሡ፣ የሚላችሁ ነገር ይኖረዋል። ልጁ ጨዋታውን ልጀምር እያለ ከሆነ መጀመሪያ እናንተ ኮንከሽንን፣ ቀጥሎ ከእሱ ጋር ሩዲን። የሱፐር ቦውል (የፕሮፌሽናል ሊጉ የዓመቱ ፍጻሜ ጨዋታ) እሑድ ከጓደኞቻችሁ ጋር ልትሞቁ ከሆነ ኤኒ ጊቭን ሰንዴይ፣ ልጆቹን ሌላ ክፍል አድርጋችሁ።

ገንዘብ ላለማውጣት፣ አሜሪካ ያላችሁ የሠፈራችሁን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ፤ አብዛኞቹ ዲቪዲ በነፃ ያውሳሉ። በኢንተርኔት ስትከራዩ ልብ በሉ፤ ብዙውን ጊዜ አንዴ ማጫወቻውን ከነካችሁ 48 ሰዓት ብቻ ነው ያላችሁ። ስለዚህ ሁሉም ሰው ቡናውን ይዞ ሳይቀመጥ አትንኩት። አዲስ አበባ በሞባይል ዳታ ለምታዩ፣ ጥራቱን ወደ መደበኛ ዝቅ አድርጉት። ብራያንስ ሶንግ ያኔ ከ1 ጊጋ ትንሽ በላይ ነው የሚፈልገው። ኤኒ ጊቭን ሰንዴይ በኤችዲ ከሆነ 7 ጊጋ አልፎ ሊሄድ ይችላል።

እማዬ ከመመለሷ በፊት አንድ ብቻ ምረጪ ብንላት ታይታንስን ድገሙልኝ አለች። የሆስፒታሉ ቦታ ሲደርስ የእህቴ ልጅ ሊተረጉምላት ሲጀምር በእጇ ዝም አሰኘችው።